አንድ ብር መልካሳ ሲደርስ፦ የሸማች ወጪ ገቢን እንዴት ያበዛል?

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ አዋሽ መልካሳ ትገኛለች። ትንሽ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያሉት ተቋማት ግን ትልልቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካው፣ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉት የኃይል ማመንጫዎች፣ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የሚያስገባው መታጠፊያ ሁሉም እዚሁ አካባቢ ናቸው። ሁሉም ሌላ ቦታ የተገኘ ገንዘብ ወደ አካባቢው ያመጣሉ። የተመራማሪው ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይመጣል። ሶደሬ ለመዝናናት የወረደው ቤተሰብ የሚያወጣው ብር አዲስ አበባ ላይ የተሠራበት ነው። ገበሬው የሚሸጠው ነጭ ቦሎቄ የመጨረሻ ገዢው ያለው ባሕር ማዶ ነው።

ይህ ብር መልካሳ ከደረሰ በኋላ ስንት ሰው እጅ ይገባል? አካባቢውን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስስ ስንት ገቢ ይፈጥራል? የኢኮኖሚ ምሁራን ይህን ኃይል ማባዣ ይሉታል። ሐሳቡ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። ይህ ዳሰሳ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ፣ ጥናቶች ምን እንዳገኙ፣ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኑሮም ምን እንደሚያሳይ ይመረምራል። የዳሰሳው ድምዳሜ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ገቢን የሚያበዛው የብሩ ብዛት አይደለም። ወሳኞቹ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከእያንዳንዱ ብር ስንቱ በአካባቢው ለተሠራ ነገር እንደሚውል፣ ገዢ ሲመጣም አምራቹ ምርቱን መጨመር መቻሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኑሮን እንደሚያንቀሳቅስ በሰንጠረዥ ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ፍራንሷ ኬኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1758 ባዘጋጀው ሰንጠረዥ የገበሬው፣ የባለርስቱና የእጅ ባለሙያው ወጪና ገቢ እንዴት እንደሚመጋገብ አሳየ። ማባዣ የሚባለው ስሌት ራሱ ግን የተወለደው በሥራ አጥነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሪቻርድ ካን የተባለው የካምብሪጅ ምሁር፣ መንግሥት መንገድ አሠርቶ ሰው ቢቀጥር ከተቀጠሩት ሌላ ስንት ሰው ሥራ እንደሚያገኝ ለማስላት ተነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆን ሜይናርድ ኬንስ ሐሳቡን የትልቁ መጽሐፉ ምሰሶ አደረገው።

መነሻው ቀላል ነው፦ የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነው። አንድ ሰው አዲስ 1 ብር አግኝቶ 80 ሳንቲሙን ቢያወጣ፣ ተቀባዩ ከዚያ 64 ሳንቲም ያወጣል፤ ቀጣዩ 51 ሳንቲም ገደማ። ይህ እየቀነሰ እስኪያልቅ ቢደመር 1 ብሩ 5 ብር ገቢ ይሆናል። ኬንስ ግን በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ይሠራል አላለም። በዘመኑ የነበረውን የአሜሪካ መረጃ አይቶ የገመተው 2.5 አካባቢ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታም አለ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሥራ ፈትተው ነበር፤ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። ገዢ ሲመጣ የጠፋው ዕቃ ወዲያው መመረት ይችል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል፤ ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ መብራትና የውጭ ምንዛሪ ግን እንደልብ አይገኙም። ስለዚህ የኬንስ ስሌት እዚህ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበታል፦ ገዢው መጣ፤ ዕቃውስ ይመጣል ወይ?

ሌላው ብርቱ ማስተካከያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ከሚልተን ፍሪድማን ነው። ሰው ወጪውን የሚወስነው ዛሬ እጁ በገባው ሳይሆን ዘላቂ ነው ብሎ በሚያምነው ገቢ ነው አለ። የስምጥ ሸለቆን ገበሬ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። ምርት በገባበት ወር የተገኘ ብር በሙሉ ለዕለት ፍጆታ አይውልም። በሬ ይገዛበታል፣ የቤት ቆርቆሮ ይቀየርበታል፣ ለልጅ ትምህርት ይቀመጣል። ስለዚህ ብሩ ማን እጅ እንደገባ ብቻ ሳይሆን በምን ወቅት፣ በምን ተስፋ እንደገባም ይቆጠራል።

ብሩ የት የት ይሰርጋል?

ገንዘብ በአንድ ከተማ ሲሄድ በአፈር ቦይ እንደሚሄድ የመስኖ ውሃ ነው፤ በየእርምጃው ጥቂት ይሰርጋል፤ ማሳው የሚደርሰው ከመነሻው ያነሰ ነው። ብሩ የሚሰርግባቸው ዋና በሮች ሦስት ናቸው፦ ቁጠባ፣ ግብርና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ።

ግብሩ ግልጽ ነው። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ግብር ግን ሙሉ በሙሉ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። የምርምር ማዕከሉ ደመወዝ፣ የመምህሩና የጤና ባለሙያው ክፍያ ሆኖ ወደ መልካሳ የሚመለሰው ከዚሁ ነው።

ቁጠባም እንደ መጽሐፉ ብቻ አይታይም። ባለሱቋ በየሳምንቱ ለእቁብ የምትጥለው ብር ለጊዜው ከገበያ ወጣ ማለት ነው፤ ዕጣው የወጣላት ጎረቤቷ ግን በዚያው ሳምንት ፍሪጅ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ትገዛበታለች፣ ወይም ሱቋን በዕቃ ትሞላበታለች። እቁብ ቁጠባን እዚያው ሰፈር ውስጥ ወደ ወጪና ወደ ሥራ ማስኬጃ ይመልሰዋል። ባንክ የገባው ቁጠባ ግን ሌላ መንገድ አለው። በአገራችን የባንክ ብድር በጥቂት ትልልቅ ተበዳሪዎች ላይ የተከማቸ ስለሆነ፣ ከትንሽ ከተማ የተሰበሰበው ቁጠባ አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም።

ለትንሽ ከተማ ትልቁ በር ግን ሦስተኛው ነው። መልካሳ ላይ አንድ ሰው በጀሪካን የሚሸጥ የውጭ ዘይት ቢገዛ፣ ከከፈለው ውስጥ እዚያ የሚቀረው የቸርቻሪው ትርፍና የጫኝ አውራጁ ክፍያ ብቻ ነው። ቀሪው ወደ አዳማ አከፋፋይ፣ ከዚያ ወደ አስመጪው፣ በመጨረሻም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ነዳጅ፣ ስልክ፣ የመኪና መለዋወጫም እንዲሁ ናቸው። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ከቆቃ፣ ከመቂ ወይም ከዚያው ከአዋሽ ዳር የመጡ ናቸው። ክፍያው ለገበሬው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለባለጋሪውና ለደላላው ይከፋፈላል፤ እነሱም የሚያወጡት እዚያው አካባቢ ነው። ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ቡና የምታፈላ ሴትም ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። ለማሳያ ያህል፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር ገቢ ውስጥ 40ው ብቻ የሌላ የአካባቢው ሰው ገቢ ይሆናል እንበል። መጀመሪያ 100፣ ቀጥሎ 40፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 6 ብር ከ40 እያለ ይሄድና ድምሩ 167 ብር ገደማ ላይ ይቆማል። 60ው እዚያው ቢቀር ግን 100፣ 60፣ 36 እያለ 250 ብር ይደርሳል። የመነሻው ገንዘብ አልተለወጠም። ሰዎቹም አብዝተው አላወጡም። የተለወጠው የሚገዙት ነገር የተሠራበት ቦታ ብቻ ነው፤ ተጨማሪው ገቢ ግን ከ67 ወደ 150 ብር፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ አደገ።

ጥናቶች ምን አገኙ?

ይህን ሐሳብ ወደ ገጠር ካመጡት ዋነኞቹ ብሩስ ጆንስተንና ጆን ሜለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጽሑፍ የግብርና ዕድገት ለሌላው የኢኮኖሚ ዘርፍ ገበያ እንደሚፈጥር አስረዱ። ሜለር ቆይቶ የበለጠ አጠበቀው፦ ገበሬው ገቢው ሲጨምር አዲሱን ብር የሚያወጣው በአብዛኛው እዚያው አቅራቢያ ለሚሠሩ ነገሮች ነው፤ ለቤት ሠሪ፣ ለአናጢ፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለምግብ ቤት። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተከተለው ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂም የቆመው በዚህ ዓይነት እምነት ላይ ነው። ሜለር ከፖል ዶሮሽ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍም፣ ለገበያ የሚያመርተው አነስተኛ ገበሬ ወጪ የገጠር ከተሞችን ሥራ እንደሚሸከም ተከራክሯል።

ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያሉ። ክሪስቶፈር ዴልጋዶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በግብርና የተገኘ 1 ዶላር አዲስ ገቢ ተጨማሪ 1.88 ዶላር ሊፈጥር እንደሚችል ገመቱ። ጎረቤቷ ኒጀር ላይ ግን ተጨማሪው 0.96 ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ብለው ሃግብሌድ፣ ሐመርና ሄዝል እ.ኤ.አ. በ1991 አስጠንቅቀው ነበር፤ እንዲህ ያለው ስሌት አምራቹ ሁልጊዜ ምርት መጨመር ይችላል ብሎ ካሰበ ውጤቱን ያጋንናል ብለው።

የአገራችን ግልጽ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ትግራይ ውስጥ ከተጀመረው የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ነው። ድጋፉ ለደካማና ሠርቶ ማደር ለማይችል ቤተሰብ በየወሩ የሚሰጥ ነበር። ኤድዋርድ ቴይለርና ባልደረቦቹ ያሰሉት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕንጣሎ ወጀራት በተባለው ሰፊ ገጠር ወረዳ የተሰጠ 1 ብር በአካባቢው 2.52 ብር ገቢ የመፍጠር አቅም ነበረው፤ በትንሿ ከተማ በአብይ ዓዲ ግን 1.35 ብቻ። የዋጋ ጭማሪው ሲቀነስ ቁጥሮቹ ወደ 1.84 እና 1.26 ይወርዳሉ። ገንዘቡ አንድ፣ ፕሮግራሙ አንድ፣ ሕዝቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል በራሱ ያመርታል፣ ምን ያህሉን ከሌላ ያስመጣል የሚለው ነው። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከድጋፉ በላይ የተፈጠረው ትርፍ ገቢ በአብዛኛው የደረሰው ድጋፉን ላልተቀበሉ ጎረቤቶች ነው፤ መሬት፣ ከብትና ሱቅ ያላቸው እነሱ ናቸውና። ለድሃ የተሰጠ ገንዘብ ባለሱቁንም ይጠቅማል፤ ሴፍቲ ኔት የሚባለውን የድሆች ድጋፍ እንደ ምጽዋት ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ቁጥር ቢያጤነው መልካም ነው።

ከሁሉ ጠንካራው ሙከራ የተደረገው ጎረቤት አገር ነው። በምዕራብ ኬንያ በሲያያ አውራጃ ከ10,000 በላይ ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ተሰጣቸው፤ የትኛው መንደር እንደሚቀበል የተለየው በዕጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት ማባዣውን 2.5 አካባቢ አደረሰው። ዋጋ የጨመረው ግን እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው። ምክንያቱም የመንደሩ ሱቆች፣ ወፍጮ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ቀድሞም ከአቅማቸው በታች ይሠሩ ነበር፤ ገዢ ሲበዛ ብዙ ወጪ ሳይጨምሩ ማስተናገድ ቻሉ።

በአገር ደረጃ ሲታይ ግን ተስፋው ይቀንሳል። ኢልዘትስኪ፣ ሜንዶዛና ቬግ 44 አገሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የመንግሥት ወጪ ማባዣ በታዳጊ አገሮች ካደጉት እንደሚያንስ፣ ዕዳ በከበደበት አገር ደግሞ ጭራሽ ጉዳት እንደሚያመጣ አገኙ። መንደር ላይ የሚሠራው ነገር አገር ላይ በቀጥታ አይገለበጥም፤ መንደሩ የሚቀበለውን ብር ሌላ ሰው ከፍሎበታል፣ መንግሥት የሚያወጣውን ግን አገሪቱ በግብር፣ በብድር ወይም በዋጋ ንረት መክፈሏ አይቀርም።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትምህርት

አዳማ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የኦሮሚያ ርዕሰ ከተማ ሆና ቆይታለች። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከደመወዙ ጋር የሚመጣው ወጪም አብሮ ሄደ። ከተማዋ ግን የራሷ ገቢ ነበራት፦ የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ የዙሪያዋ እህልና አትክልት ንግድ፣ በየጊዜው የሚካሄደው ስብሰባና ሥልጠና። የስብሰባ አበል በአንድ ሌሊት ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ባጃጅ ዘንድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተሰብሳቢውንና ተዝናኚውን አቀረበ፤ በዚያው ልክ የአዳማ ነዋሪ መርካቶ ወርዶ መግዛቱን አቀለለው። መንገድ ብርን ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ ውጤቱን የሚወስነው ከተማዋ ለመጪው የምትሸጠው የራሷ ነገር መኖሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሌላ ምስክር ነው። ሸንኮራው የሚበቅለው እዚያው፣ ቆራጩ፣ ጫኙና መካኒኩ የሚኖሩት እዚያው፣ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም በማኅበር ሸንኮራ ያቀርባሉ። ባቱ ላይ ያሉት የአበባ እርሻዎች ደግሞ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ቀጥረዋል። ኬሚካሉና ማሸጊያው በብዛት ከውጭ ይገባል፣ አበባው ተመልሶ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ከተማው ውስጥ የሚዞረው በዋናነት የሠራተኛው ደመወዝ ነው። የባቱ ቤት አከራይ፣ ምግብ ቤትና ልብስ ሻጭ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ የወር ክፍያው ትንሽ ቢጨምር ጭማሪው ከግቢው አጥር አልፎ ከተማውን ያዳርሳል።

ማባዣው ወደ ዋጋ ሲለወጥ

ኢትዮጵያውያን ሸማቾች የወጪን መብዛት በመጀመሪያ የሚያውቁት በዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኑሮ ተወደደ፤ በ2022 ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት እንደገና ከ30 በመቶ በላይ ደረሰ። ድርቅ፣ ጦርነትና የዓለም ገበያ ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም በገበያ ያለው ብር ከዕቃው ቀድሞ ሲሮጥ ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ኑሮው አይበዛም።

ይህን በየዓመቱ በበዓል ሰሞን እናየዋለን። ለፋሲካ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሽንኩርትና ቅቤ ሲፈልግ ዋጋ ይዘልላል። ነገር ግን የቢሾፍቱና የሞጆ ዶሮ አርቢዎች በዓሉ መቼ እንደሚውል ስለሚያውቁ ጫጩቱን ከወራት በፊት ያስገባሉ፤ በተቻላቸው መጠን ምርቱ ከገዢው ጋር ይደርሳል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር ነው፦ የሚጠበቅ ወጪ ምርት ይጠራል፤ ድንገተኛ ወጪ ዋጋ ይጠራል። በወሩ ቀን የሚከፈል ደመወዝና በጊዜው የሚደርስ የሴፍቲ ኔት ክፍያ፣ ከዘገየውና በአንድ ጊዜ ከፈሰሰው ተመሳሳይ መጠን ይበልጣሉ። ክፍያ ሲዘገይ ሸማቹ በዱቤ ይቆያል፣ የባለሱቁ ብር በዱቤ ደብተሩ ላይ ይታሰራል፣ ባለሱቁም ከጅምላ ሻጩ አዲስ ዕቃ ማምጣት ያቅተዋል።

ከመልካሳ የሚገኘው መልስ

ወጪ ገቢን እንዲያበዛ ምርት ጥሪውን መስማት አለበት ካልን፣ የመልካሳ ምርምር ማዕከል የሚሠራው ሥራ የዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። አዋሽ–1 እና አዋሽ መልካ የሚባሉት ነጭ የቦሎቄ ዝርያዎች፣ አዳማ ቀይ የሚባለው ሽንኩርት፣ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የተባሉት ቲማቲሞች፣ ዝናብ አጠር ለሆነ አካባቢ የወጡት የመልካሳ በቆሎዎች የዚህ ማዕከል ውጤቶች ናቸው። ቶሎ የሚደርስ ቦሎቄ የዘራ ገበሬ ዝናቡ ሳይቋረጥ ያጭዳል። ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ ስለሚላክ አዲስ ብር ወደ አካባቢው ያስገባል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ የገባው ብር እዚያው እንዲዞር ያደርጋሉ። አንድ አካባቢ ሁለቱንም ይፈልጋል። አዲስ ብር ካልገባ የሚዞር ነገር የለም፤ የሚያዞረው ምርት ከሌለም የገባው በማግስቱ ይወጣል።

ዘር ብቻውን ግን አይበቃም። የሁሉም ገበሬ ቲማቲም በአንድ ሳምንት ሲደርስ ዋጋው የመልቀሚያውን ጉልበት እንኳ የማይከፍልበት ጊዜ አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሸማቹ በውድ ይገዛዋል። መካከሉን የሚሞላው ማከማቻ፣ ማቀነባበሪያ፣ የመስኖ ፓምፕና በተመጣጣኝ ወለድ የሚገኝ ብድር ነው። መቂ ባቱን የመሰሉ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየኖች የሚጠቅሙትም ገበሬው ብቻውን የማይችለውን ገበያና ግብዓት በጋራ ስለሚይዙ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የሸማች ወጪ ኢኮኖሚን ያበዛል የሚሉት እውነት አላቸው፤ ዋጋ ያንራል የሚሉትም እውነት አላቸው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ከወጪው ማዶ ያለው አምራች ነው። ስለዚህ በጀት የሚይዙ ሰዎች ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይገባል። ደመወዝን፣ የሴፍቲ ኔት ክፍያንና የገበሬን የምርት ዋጋ በቀኑ ይክፈሉ። የትምህርት ቤት ምገባ፣ የሆስፒታልና የሠራተኛ ክበብ ግዢ ከአካባቢው ገበሬና ከአካባቢው ወፍጮ ይጀምር። ከትንሽ ከተማ ከተሰበሰበ ቁጠባ ውስጥ የታወቀ ድርሻ ለዚያች ከተማ አምራቾች በብድር ይሰጥ። ሸማቹም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጥራቱ እኩል የሆነ የአካባቢ ምርት ሲያገኝ እሱን ይምረጥ። መልካሳ የደረሰች አንዲት ብር ሁለት ብር ተኩል መሆን ትችላለች። ይህን የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ የሚጎድለው ውሃ፣ መጋዘንና በጊዜው የሚደርስ ክፍያ ነው፤ ሦስቱንም ማሟላት በእጃችን ነው።